ሦስት ዓይን፣ አንድ ጆሮ

ሙያዬን የተማርኩበት የካዛንቺስ ስቱዲዮ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ እንግዳው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይታያል እንጂ ቃሉ አይሰማም። ስለዚህ ክረምት ከገባ ቀረጻ የሚያዘው ጠዋት ብቻ ነው፤ ጠዋት ደግሞ የኡራኤል ቅዳሴ በመስኮት ይገባል። ግድግዳውን ሙሉ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈንበት ነበር። ካርቶን የክፍሉን ማስተጋባት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ግን አያስቀርም፤ ድምፅ የሚያግደው ክብደት ነው። ይህን ያወቅነው ለጥፈን ከጨረስን በኋላ ነው። ግንቡማ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነበር፤ ጠላታችን የሚመጣው ከጣሪያውና ከመስኮቱ ነው።

ግንቡ የጣሊያን ሥራ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ ተቋም ነበረው፤ ስሙ ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባላል። የተቋሙ ቤቶች በጣሊያንኛ «ካዜ ኢንቺስ» ነበሩ፤ የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ካዛንቺስ አለው። እኛ ስቱዲዮ ያደረግነው ሳሎን ለአንድ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ቤተሰብ የተሠራ ይመስለኛል። ወርዱ አምስት ሜትር፣ ርዝመቱ ሰባት። ለሦስት ካሜራ ጠባብ ነው፤ ካሜራማኖቹ ጀርባቸው ግድግዳ እየነካ ነበር የሚሠሩት።

በ2001 ዓ.ም. ወደዚያ ቤት ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ዕቃችን ሦስት የሶኒ ፒዲ 170 ካሜራ፣ አራት ካሜራ የሚቀበል አንድ የዳታቪዲዮ ሚክሰር፣ ያገለገሉ ሞኒተሮችና ጠረጴዛ ሥር የተደረደሩ ባትሪዎች ነበሩ፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ሚክሰሩን የሚያቆዩት ባትሪዎቹ ናቸው። የትኛው ካሜራ ምርጫ ላይ እንዳለ የሚያሳውቅ ቀይ መብራት ካሜራዎቹ አልነበራቸውም። የሰፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከገና ዛፍ መብራት ላይ ሦስት ቀይ አምፖል ቆርጦ፣ ሽቦ ስቦ፣ ከሚክሰሩ አጠገብ ሦስት ማብሪያ ገጠመልን። የእኔ የመጀመሪያ ሥራ እነዚያን ማብሪያዎች መጫን ነበር፤ ዳይሬክተሩ ካሜራ በቀየረ ቁጥር አንዱን አጠፋለሁ፣ ሌላውን አበራለሁ።

ማዳመጫውም ባለአንድ አቅጣጫ ነበር። ዳይሬክተሩ የሚቀመጥበት ኮንትሮል ሩም ይናገራል፣ ካሜራማኑ ይሰማል፣ መልስ መስጠት ግን አይችልም። ስለዚህ የሚመልሰው በካሜራው ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከነቀነቀው «እሺ»፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ካወዛወዘው «አይሆንም» ማለት ነው። በሌላ አገር ስቱዲዮዎችም ይህ ልማድ አለ። ከዓመት በኋላ ሁለት አቅጣጫ የሚያናግር ማዳመጫ ሲገዛ የእኛ ልጆች በቃል መመለስ አልጀመሩም። አገሬው አዎ ሲል እንደሚያደርገው ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሦስት አጫጭር ትንፋሽ በጆሮዬ ከሰማሁ ሦስቱም ተዘጋጅተዋል።

ያስተማሩኝን ሰው ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱም። በወጣትነታቸው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በነበረው የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ምስል ሲመርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የሚክሰር ትምህርት በጀመርኩበት ቀን ልነካው ስጠጋ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዙረው ማዳመጫ ሰጡኝ።

«ለጊዜው ምስሉን ተይው። ስሚ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርባዬን ለሞኒተሮቹ ሰጥቼ የሰው ወሬ አዳመጥኩ። ሰው ሊናገር ሲል አስቀድሞ አየር ይስባል። ሊጨርስ ሲል ድምፁ ይወርዳል። ጥያቄው የከበደው ሰው ሲኒውን ረከቦቱ ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ይሰማል። ጋሼ በየመሐሉ «አሁን ማን ሊናገር ነው?» ይሉኛል። ስሳሳትም ዝም፣ ሳገኘውም ዝም። በአራተኛው ሳምንት ወንበሬን መለሱልኝ።

እንዲህ ያለው ትምህርት የጋሼ የራሳቸው ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን የሙያውን ታሪክ ስከታተል ምንጩን አገኘሁት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ቀኑ የዘውድ በዓል ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ሌላ መገጣጠም አለ፤ ቢቢሲ ከለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ የቴሌቪዥን አገልግሎቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ያው ጥቅምት 23 ነው። የእኛን ጣቢያ ለማቋቋም የረዳው ቶምሰን የተባለ ኩባንያም የእንግሊዝ ነበር። አሜሪካኖች «ስዊቸር» የሚሉትን ዕቃ እኛ እስከ ዛሬ «ሚክሰር» የምንለው ከዚያ የወረስነው ይመስለኛል።

ያኔ የስቱዲዮ ዝግጅት ባብዛኛው በቀጥታ የሚተላለፍ ነበር። አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የምስል ቴፕ መቅጃ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲያወጣ የአንዱ ማሽን ዋጋ 50 ሺህ ዶላር ያህል ነበር፤ ቴፑ ወርዱ 2 ኢንች፣ ክብደቱም የዋዛ አይደለም። መቅጃው ያላቸው የሀብታም አገር ጣቢያዎች እንኳ ቴፑን እየሰረዙ ደጋግመው ይቀዱበት ነበር። ውጭ የሚሠራ ዜና በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይነሣል፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሚደረገው ግን በተደረገበት ቅጽበት ወጥቶ ያልቃል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። ጋሼ ወጣት ሳሉ ሲሳሳቱ ስሕተቱን መልሰው የሚያዩበት ነገር አልነበራቸውም። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ያያቸዋል፣ ይነግራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጆሮ ውስጥ የቀረ ነው። የዚያ ዘመን ምስል ብዙው የለም። እሳቸው በወጣትነታቸው የሰሙት ትዕዛዝ ግን እኔ ጆሮ ውስጥ አለ።

ከዚያ ዘመን ሰዎች አንዱን፣ አባባ ተስፋዬን፣ ያየሁት ጎረቤት ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ተስፋዬ ሣህሉ የኮሪያ ዘማች፣ የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፤ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት የጀመሩትን የልጆች ዝግጅት ከ40 ዓመት በላይ፣ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ይዘውት ዘለቁ። ያረፉት ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ተረቱን እንጂ ካሜራውን አላይም። ሙያውን ከተማርኩ በኋላ ግን ትዝ ያለኝ የድምፃቸው አወጣጥ ነው። ጅቡ ሊመጣ ሲል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ያቆማሉ፣ ይጠብቃሉ። እንዲህ የሚያወራ ሰው በንግግሩ ውስጥ ለካሜራ ቦታ ይተዋል፤ እዚያች ዝምታ ላይ ወደ ልጆቹ ፊት መሄድ ይቻላል። መድረክ ላይ ያደገ ሰው የሕዝቡን ትንፋሽ ያውቃል። ዛሬ ብዙ አቅራቢዎች ይህ ጎድሏቸዋል፤ ሳያቋርጡ ይናገራሉ፣ ዳይሬክተሩም የሚቆርጥበት ያጣል።

የሥራው ቋንቋ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ አማርኛ ነው። «ካሜራ ሦስት ስታንድ ባይ። ሁለት ጠበቅ፣ ፎከስ ያዝ። አንድ ላላ።» ጋሼ «ቴክ» አይሉም፤ «ውሰድ» ነው የሚሉት። ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸውና የነገሩኝን እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ። በእንግሊዝኛ «ቴክ ቱ» ሲባል ትዕዛዙ ይቀድማል፣ ቁጥሩ ይከተላል፤ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው ውሰድ መባሉን ሰምቶ የትኛውን እንደሆነ ገና ይጠብቃል። ለዚህ ነው ባለቋንቋዎቹ «ሬዲ ቱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከፊት የሚጨምሩት። አማርኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ሁለትን…» ሲባል ጣት ቁልፉ ላይ ያርፋል፤ «ውሰድ» ሲባል ይጫናል። ቋንቋችን ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስላል። በ«ሁለትን» እና በ«ውሰድ» መካከል ያለው ርቀት የዳይሬክተሩ ነው፤ ሊያስረዝመው ይችላል፣ ጣቱም እዚያው ሆኖ ይጠብቀዋል።

የካሜራ አቀማመጡን ያስተማሩኝ በማኅሌት ነው። አባቴ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድስ አብሬው እሄድ ስለነበር ምሳሌው ቶሎ ገባኝ። በማኅሌት መሪጌታው መካከል፣ ቀኝ ጌታ በቀኝ፣ ግራ ጌታ በግራ ነው፤ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። ካሜራ አንድ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ሰው ከነረከቦቱ፣ ከነቄጤማው ያያል። በግራ ያለው ካሜራ በቀኝ የተቀመጠውን፣ በቀኝ ያለው በግራ የተቀመጠውን ይይዛል፤ እንዲህ ሲሆን የሰውየውን ሁለት ዓይን ታገኛላችሁ። ካሜራው በራሱ ወገን የተቀመጠውን ከያዘ ግን የሚገኘው ጆሮና ጉንጭ ነው። በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል ደግሞ የማይታይ ገመድ ተዘርግቷል፤ ሦስቱም ካሜራ ከገመዱ ወዲህ መቆም አለበት። አንዱ ከተሻገረ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ መተያየታቸው ቀርቶ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። የእኛ ክፍል ስለጠበበች ገመዱን መሻገር ብንፈልግ እንኳ ቦታ አልነበረንም። በኋላ ሰፊ ስቱዲዮ ስገባ ሰዎች በየአቅጣጫው ካሜራ ሲተክሉ አይቼ የጠባቡ ክፍል ውለታ ገባኝ።

በየትኛውም የውጭ መጽሐፍ ያላገኘሁት ትምህርት የነጠላ ነው። ጥቁር ፊት ላይ ነጭ ነጠላ ሲጣል ካሜራው ይወናበዳል። ብርሃኑን ራሱ እንዲመጥን ከተተወ ነጩን አይቶ የብርሃን ማስገቢያውን ያጠባል፣ የሰውየው ፊት ይጠቁርና ዓይኑ ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑ በእጅ ተመጥኖ ለፊት ይስተካከላል፤ የነጠላው ነጭ ትንሽ ቢነድድ ይነድዳል። በሦስት ካሜራ ሲሆን ችግሩ ሦስት እጥፍ ነው፤ አንዱ ካሜራ ነጠላውን ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ካደረገው ተመልካች በምስል ለውጡ ሁሉ ይረበሻል። ቀረጻ ሳይጀመር ሦስቱን አንድ ነጭ ወረቀት አሳይተን ነጩን እናስማማለን። ከዚያ በኋላ ጋሼ ነጠላ ለብሼ እንግዳው ወንበር ላይ እንድቀመጥ ያደርጉኛል፤ ወረቀት ፊት የለውምና። መብራቱ ያቃጥላል፣ የቡናው ጭስ ዓይን ይወጋል፣ እሳቸውም አይቸኩሉም። እንግዳ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚሰማው ያወቅሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ሚክሰሩ ላይ ብቻዬን በተቀመጥኩ በሁለተኛው ወር ያጠፋሁትን አልረሳውም። እንግዳዋ አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ከአገር ከወጣ ዓመታት ሆኖት ድምፁ ጠፍቷል። በእጄ ያለው የዝግጅት ቅደም ተከተል እዚያ ደቂቃ ላይ የልጁን ፎቶግራፍ አሳዪ ይላል። እሳቸው ንግግራቸውን አቋረጡ። በማዳመጫዬ አየር ሲስቡ ሰማሁ፤ ሦስት ሳምንት ግድግዳ እያየሁ የተማርኩት ትንፋሽ ነው። ካሜራ ሦስት ፊታቸውን ጠበቅ አድርጎ ይዞልኛል፣ ሳይታዘዝ። እኔ ወረቀቱን አምኜ ፎቶግራፉን ወሰድኩ። ስመለስ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጨርሰዋል። ማንም ተመልካች የጎደለ ነገር መኖሩን አያውቅም። ጋሼ ግን ከኋላዬ ቆመው ነበር፤ ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ሰምተሻል። ሰምተሽ ነው የተውሽው።» ካሜራማኑ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ በረንዳ ወጣ፤ ያን ቀን አላናገረኝም። የዝግጅት ቅደም ተከተል ዛሬም በጥንቃቄ አዘጋጃለሁ፣ ሰከንዱን ሳይቀር እቆጥራለሁ። የሰው ትንፋሽ ከሰማሁ ግን ወረቀቱን እገለብጠዋለሁ።

ከካዛንቺሱ ቤት ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ሲወረድ አፍሪካ አዳራሽ አለ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ አዳራሽ ሥዕላዊ መስኮቶቹ 150 ካሬ ሜትር ይሆናሉ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ናቸው። የአዳራሹን ንድፍ ያወጣው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የመጀመሪያው ስቱዲዮ የገባበትን የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም የነደፈው እሱ ነው። ጋሼ የሙያችንን ታሪክ ከጥቅምት 1957 አይጀምሩም፤ ከዚህ አዳራሽ ነው የሚጀምሩት። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ፣ የስብሰባው ምስል በሽቦ ተስቦ አዳራሽ ላልገቡ ሰዎች በቴሌቪዥን ይታይ እንደነበር ከቀደሟቸው ባለሙያዎች ሰምተዋል፤ ጣቢያው ከመከፈቱ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት። አንድ ጊዜ ለስብሰባ ቀረጻ መግቢያ ወረቀት አግኝተን ስንገባ ያሳዩኝ ግን መስኮቱን አልነበረም። ቀና ብዬ የአስተርጓሚዎቹን የመስታወት ክፍሎች እንዳይ አደረጉኝ። መስታወት ውስጥ ማዳመጫ ያደረጉ ሰዎች ተቀምጠው፣ ዓይናቸው ከተናጋሪው ላይ ሳይነሣ፣ የሌላውን ሰው ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ እየተቀበሉ ይናገራሉ። ኮንትሮል ሩም ምን እንደሆነ እናቴ ስትጠይቀኝ እነሱን ነው የምነግራት።

መስቀል አደባባይም የታሪኩ አካል ነው። ቀለም ያለው ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሲሆን፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያ በዓል የተከበረው ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በዚሁ ቦታ ነው። እኔ የተወለድኩበት ዓመት ነው። ብዙ ካሜራ ከስቱዲዮ አውጥቶ በመኪና ውስጥ በተሠራ ኮንትሮል ሩም መምራትን የተማርኩትም እዚያው፣ ደመራ ላይ በረዳትነት ስሠራ ነው።

ደመራ ከባድ ነው። መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ ሲጀመር ፀሐይ አለ፤ ሲለኮስ መሽቷል። በየደቂቃው ብርሃኑ ስለሚወርድ የካሜራዎቹ ሚዛን እንደገና ይያዛል፤ ከዚያ እሳቱ ሲነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገለበጣል። የሰንበት ተማሪዎች ከበሮ፣ የካህናቱ ዝማሬ፣ የሕዝቡ እልልታ፣ ሁሉም በየማይክሮፎኑ ይመጣል። አንዱ ካሜራ ግን ምንም ቢመጣ አይነቃነቅም፤ ደመራውን ከሥር እስከ ጫፍ ይዞ ይቆማል። ሰው ቤቱ ሆኖ የሚጠይቀው ደመራው ወዴት ወደቀ የሚለውን ነው፤ አወዳደቁ የዓመቱ ምልክት ነውና። ያን የሚይዘው ካሜራ ለውበት ሲባል ወደ ሌላ ቢዞር ይቅር የሚለው የለም። ያን ዓመት ለዚያ ካሜራ የተመደበው ልጅ ዝናብ ሲጀምር ካፖርቱን አውልቆ ካሜራውን ሸፈነ፤ እሱ ሲደበደብ አመሸ። በማዳመጫው ሲጠየቅ መልሱ ያው አጭር ትንፋሽ ነበር።

ቴፕ ሲረክስና ኤዲቲንግ በኮምፒዩተር ሲሆን ብዙ ስቱዲዮዎች ሦስቱንም ካሜራ ለየብቻ ቀርጸው በኋላ መምረጥ ጀመሩ። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1951 «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን አስቂኝ ድራማ በሦስት የፊልም ካሜራ፣ በተመልካች ፊት ቀርጸው በኋላ ፊልሙን እየቆረጡ ያያይዙት ነበር። ለድራማ ጥሩ ነው። ለውይይት ሲሆን ግን አልወደውም፤ ይህን ሳልሸፍን ነው የምናገረው። «ኤዲቲንግ ላይ እናስተካክለዋለን» የሚለው ቃል ስቱዲዮ ከገባ ወዲህ ካሜራማን መስማት አቁሟል። የማይመረጥበት ሰዓት እንደሌለ ስለሚያውቅ ሁልጊዜ መካከለኛ ምስል ይዞ ይቆማል። ያኔ እንባ ሲመጣ ሳይታዘዝ ጠበቅ ያደረገው ልጅ ይህን ያደረገው ምርጫው በዚያች ቅጽበት እንደሚያልፍ ስለሚያውቅ ነው።

የካዛንቺሱ ቤት ዛሬ የለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ አብሮ ፈረሰ። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ አፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ከቆየ እድሳት በኋላ እንደገና ተከፈተ። የቤቱን ዕቃ ልናወጣ ስንሄድ ካርቶኑ ከግድግዳው አልለቀቀንም፤ ሙጫው ጠንክሯል። ቀያዮቹን አምፖሎች ግን ከነሽቦአቸው ነቅዬ ወሰድኩ።

ጋሼም ከሰፈሩ ተነሥተው ገላን ጉራ የሚባል ሰፈር ገብተዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም። በ2018 ዓ.ም. ደመራ እሳቸው ቤት ነበርኩ። ቡና ተፈልቷል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ወንበራቸው ግን ወደ ቴሌቪዥኑ የዞረ አይደለም፣ ወደ በሩ ነው። የሰንበት ተማሪዎቹ ዝማሬ አለቀ፣ ከበሮው ቆመ፣ አደባባዩ ጸጥ አለ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«አንድን…» አሉ፣ ሰፊውን ማለታቸው ነው። እኔ ማያ ገጹ ላይ የካህኑን እጅና ችቦውን አያለሁ። እሳቸው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ከሩቅ የአንዲት ሴት እልልታ ተሰማ።

«ውሰድ።»

ምስሉ ወደ ሰፊው ተለወጠ፤ አደባባዩ ሙሉ በጧፍ ብርሃን ወጣ።

ልጃቸው ሁለተኛውን ቡና ልትቀዳ ተነሣች።